ማስታወቂያው ተከልክሎ በቴሌቪዥን መስኮት የቀረው ሲጋራ

ግልጽ ደብዳቤ
ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በፊልም፣ በድራማና በሙዚቃ ክሊፕ የሚታየው ሲጋራና ሺሻ በለጋ ተማሪዎች ላይ ስለሚያሳድረው ተጽዕኖና መመሪያ እንዲወጣለት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከባሌ ሮቤ ነው። መምህር ነኝ፤ የማስተምራቸው የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከ13 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ይገኛሉ። ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ በመላክ ፈንታ በአደባባይ ያወጣሁት ጉዳዩ የእናንተና የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። በጎባ፣ በዲንሾ፣ በአጋርፋና በሲናና ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚልኩ ወላጆች ጉዳይ ነው። ፊልም የሚሠሩ፣ ዘፈን የሚያቀርቡ፣ ጣቢያ የሚመሩ ሰዎችም ሊያነቡት ይገባል እላለሁ።

የምለው አንድ ነገር ነው። አገራችን የሲጋራን ማስታወቂያ በሕግ ዘግታለች፤ ሲጋራው ግን በፊልም፣ በድራማና በክሊፕ አድርጎ ልጆቻችን ዘንድ መድረሱን ቀጥሏል። ማስታወቂያ ሆኖ ቢመጣ ኖሮ የሚያስቆመው ሕግ ነበር። ታሪክ ሆኖ፣ ዜማ ሆኖ፣ የሚወደድ ሰው እጅ ላይ ሆኖ ሲመጣ ግን የሚጠይቀው የለም። እንዲጠየቅ እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ የተሠራውን ሥራ ላመስግን። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። ከዚያ ቀደም ብሎም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሲጋራና የሌሎች የትምባሆ ውጤቶችን ማስታወቂያ ከልክሎ ነበር። ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ከዚያ እጅግ ርቆ ሄደ። የትምባሆን ማስታወቂያ፣ ማስተዋወቅና ስፖንሰርሺፕ ከለከለ። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥን ከለከለ። በፓኮው ፊትና ጀርባ ከገጹ 70 በመቶ የሚሸፍን የሥዕል ማስጠንቀቂያ እንዲኖር አዘዘ። የሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ሽያጭ አገደ። ብዙ ሀብታም አገሮች እንኳ 18 ዓመት ላይ ቆመው ሳለ እኛ 21 ማለታችን የሚያኮራ ነው። ይህን ሕግ ያረቀቁትንና ያጸደቁትን ሰዎች እንደ መምህርም እንደ ወላጅም አመሰግናለሁ።

ነገር ግን ሕጉ በዚያ በኩል ሲጠብቅ ልጆቹ በዚህ በኩል ምን እያዩ እንደሆነ ልንገራችሁ።

በሮቤና በጎባ አንድ ልጅ ፊልም የሚያይበት መንገድ ብዙ ነው። ቤቱ ዲሽ ካለ ከቤተሰቡ ጋር ያያል። ከሌለ ኳስ ወደሚታይበት ቤት ወይም ወደ ቪዲዮ ቤት ጎራ ይላል። ሚሞሪ ካርድ ይዞ ሙዚቃና ፊልም ወደሚጭኑ ሱቆች ሄዶ ያስጭናል። የታላቅ ወንድሙን ስልክ ተውሶ ዩቲዩብና ቲክቶክ ይከፍታል፤ በቴሌግራም ቻናል የተለቀቀ ፊልም ያወርዳል። የሆሊውድ አክሽን፣ የህንድ ፊልም፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ፣ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ክሊፕ ሁሉም አንድ ልጅ እጅ ላይ በአንድ ቀን ይገናኛሉ። አባቱ እርሻ ላይ፣ እናቱ ገበያ ላይ በሆኑበት ሰዓት ከልጁ ጋር ረጅሙን ጊዜ የሚያሳልፈው ይህ ነው።

እንግዲህ በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ የሚያጨሰው ማን እንደሆነ እንመልከት። የቡድኑ አለቃ ያጨሳል። እንቆቅልሹን የሚፈታው መርማሪ መስኮት አጠገብ ቆሞ እያጨሰ ያስባል። ፍቅረኛው የከዳችው ወጣት ማታ ብቻውን ተቀምጦ ያጨሳል፤ ሙዚቃውም በዚያ ሰዓት ይገባል። ደራሲው፣ ሠዓሊው፣ ዘፋኙ ያጨሳል። በክሊፕ ውስጥ ደግሞ አራዳ የተባለው ልጅ ሶፋ ላይ ተለጥጦ የሺሻ ጭስ ወደ ካሜራው ይለቃል። ሐዘን ሲመጣ ሲጋራ ይለኮሳል፤ ንዴት ሲመጣ ይለኮሳል፤ ድል ሲገኝም ይለኮሳል። ስሜት ባለበት ሁሉ ጭስ አለ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሲያስል የሚታይ፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ፣ ለአንድ ፍሬ ሲጋራ ሳንቲም የሚለምን፣ ጥርሱ የበለዘ፣ ሳንባው ታሞ ሆስፒታል የተኛ የለም።

እኔ በሕይወት የማውቃቸው አጫሾች ግን እንዲህ አይደሉም። በቀን ሥራ ያገኙትን ከልጆቻቸው ደብተር ቀንሰው ሲጋራ የሚገዙ አሉ። ለማቆም ደጋግመው ሞክረው ያልቻሉ አሉ። ልጆቹ እነዚህንም ያያሉ፤ ነገር ግን ማንም ልጅ እንደ እነሱ መሆን አይመኝም። የሚመኘው እንደ ፊልሙ ሰው መሆንን ነው።

የባሌ ደጋ ጠዋት እንደምታውቁት ብርድ ነው። ልጆች ሰልፍ ላይ ቆመው ሲተነፍሱ ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣል። ያን ጊዜ እስክሪብቶ ወይም ጠመኔ በሁለት ጣት ይዞ አጫሽ የሚጫወት ልጅ አይጠፋም። ጨዋታ ነው፤ አልቆጣበትም። ግን አያያዙን አስተውላለሁ። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀለስ አድርጎ፣ እንፋሎቱን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ይለቃል። ይህን ከአባቱ አልተማረውም፤ አባቱ አያጨስም። ከሰፈር ሽማግሌም አልተማረውም። ከካሜራ ፊት የተለማመደ ተዋናይ የሚያጨሰው እንዲያ ነው። ልጁ ሲጋራ ገና በእጁ ሳይነካ የማጨስን ሥርዓት ጨርሶ ተምሯል።

ይህ የአንድ መምህር ግምት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍላችሁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ ግዛቶች አጭሰው የማያውቁ ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆናቸውን 2,603 ልጆች የትኞቹን ፊልሞች እንዳዩ ጠየቁ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይተውም መልሰው አገኟቸው። በፊልም ማጨስን ጥቂት ካዩት መካከል 3 በመቶው ሲጋራ ሞክረው ነበር። ብዙ ካዩት መካከል የሞከሩት ግን 17 በመቶ ነበሩ። አጥኚዎቹ የጓደኛን፣ የወላጅንና የባሕርይን ልዩነት አስልተው ከጨረሱ በኋላ፣ ማጨስ ከጀመሩት ልጆች ለግማሽ ያህሉ መነሻ የሆነው በፊልም የታየው ማጨስ ነው ብለው ደመደሙ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ኃላፊ ባወጡት ሪፖርትም በፊልም የሚታይ ማጨስ ወጣቶች ማጨስ እንዲጀምሩ ምክንያት እንደሚሆን በግልጽ ተቀምጧል።

ከላንሴቱ ጥናት ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ሌላ ግኝት ነው። የፊልሙ ተጽዕኖ የበረታው ወላጆቻቸው በማያጨሱ ልጆች ላይ ነበር። የሚያጨስ አባት ያለው ልጅ የሲጋራን እውነተኛ መልክ ቤቱ ያውቀዋል። አባቱ የማያጨስ ልጅ ግን ስለ ሲጋራ የሚያውቀው ፊልሙ የነገረውን ብቻ ነው። እንግዲህ ባሌን አስቡ። እስላሙም ክርስቲያኑም ማጨስን እንደ ነውር በሚቆጥርበት አገር አብዛኛው ቤት ሲጋራ አይገባበትም። ወላጆች “በቤታችን የሚያጨስ የለም” ብለው ተማምነው ይተኛሉ። ጥናቱ እንደሚያሳየው ግን ፊልሙ የሚበረታው በእነዚሁ ቤቶች ልጆች ላይ ነው።

ሲጋራው ወደ ፊልሙ የገባውም ሁልጊዜ በታሪኩ አስገዳጅነት አልነበረም። በኋላ ለሕዝብ ይፋ የሆኑ የትምባሆ ኩባንያዎች ሰነዶች ይህን ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 የሆሊውዱ ተዋናይ ሲልቬስተር ስታሎን ከአምስት ባላነሱ ፊልሞች የብራውን ኤንድ ዊሊያምሰንን ሲጋራ ለመጠቀም በ500,000 ዶላር እንደሚስማማ የገለጸበት ደብዳቤ ከእነዚህ አንዱ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ራምቦና ሮኪ ይገኛሉ፤ በእኛ ቪዲዮ ቤቶች ግድግዳ ላይ ፖስተራቸው ለዓመታት የተለጠፈላቸው ፊልሞች። ሌላው የሲጋራ ኩባንያ ፊሊፕ ሞሪስም እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የጀምስ ቦንድ ፊልም ሲጋራው እንዲታይ 350,000 ዶላር ከፍሏል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው ክፍያ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1998 ግዛቶች ከትምባሆ ኩባንያዎቹ ጋር በደረሱት ትልቅ ስምምነት ነው። ኩባንያዎቹ ገንዘባቸውን የሚያወጡት የሚያስገኘውን አስልተው ነው። በፊልም መታየት ልጅን ባያስጀምር ኖሮ ይህን ያህል አይከፍሉበትም ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ናቸው፤ በቁጥር ወደ 3.4 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ ማለት ነው። ቁጥሩ ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው። ሰዎች ይህን ሲሰሙ “ታዲያ ምን ያስጨንቃችኋል?” ይላሉ። ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛው፣ አማካይ ቁጥር የየቦታውን ልዩነት ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሐረር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የታተመ ጥናት ሲጋራ ያጨሱት 12 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። ገና ተማሪዎች ናቸው። የሚያጨስ ጓደኛ መኖርና ጫት መቃም ከማጨስ ጋር እንደሚያያዙም በዚያው ታይቷል። ሐረርጌ ጎረቤታችን ነው። ጫት ቤቱ፣ ከጫት ቤቱ አጠገብ ሲጋራ የሚያዞረው ሱቅ በደረቴ፣ ሺሻው፣ ክሊፑ እኛም ዘንድ አሉ።

ሁለተኛው፣ ሲጋራ ሻጩ ቁጥሩን የሚያነበው በሌላ ዓይን ነው። ጃፓን ቶባኮ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ አክሲዮን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 70.95 በመቶ አደረሰ። ኩባንያው ሕግ ጥሷል እያልኩ አይደለም፤ ግዢው በአደባባይ የተፈጸመ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ከመቶ ሰው አምስቱ ብቻ በሚጠቀምበት አገር ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ ዶላር የሚያፈስ ነጋዴ የሚያየው አምስቱን ነው ወይስ ገና ያልጀመሩትን? አብዛኛው ሕዝቧ ወጣት የሆነ አገር ገበያዋ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ቆሟል። እኔ በየጠዋቱ ከዚያ ሰልፍ ፊት እቆማለሁ።

ለባሌ ልጅ ደግሞ ሌላ የተለየ ነገር አለ። የአገሪቱ ታዋቂ ሲጋራ ስሙ ኒያላ ነው። ኒያላ፣ የደጋ አጋዘኑ፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ እንስሳ ነው፤ ዋነኛ መኖሪያውም የእኛው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከሮቤ ወደ ዲንሾ የሚሄድ ልጅ ጋይሳይ ሜዳ ላይ ሲግጥ ከመኪና መስኮት ያየዋል። በ10 ሳንቲም ላይ ተቀርጿል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ልጆቻችን ጨፍረዋል። እኛ በክፍል ውስጥ “ይህ የእናንተ ነው፤ ጠብቁት፤ ኩሩበት” ብለን የምናስተምረው ስም የሲጋራ ፓኮ ላይ ታትሞ ይጠብቃቸዋል። ማስታወቂያ ባይኖር እንኳ ስሙን ያስተዋወቅነው እኛ መምህራን ሆነን ተገኝተናል ማለት ነው። ይህ ከእናንተ ይልቅ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን የሚመለከት ስለሆነ ግልባጭ አድርጌላቸዋለሁ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ ከአፍሪካ ደግሞ ሞሪሺየስ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሲጋራ ሁሉ ያለ አርማ፣ ያለ ማስዋቢያ ሥዕልና ያለ ልዩ ቀለም በአንድ ወጥ ፓኮ ብቻ እንዲሸጥ አድርገዋል። እኛም ብናደርገው የባሌ አጋዘን ምስል ከሲጋራ ፓኮ ላይ ይወርዳል።

ከቴሌቪዥኑ መስኮት እስከ ልጁ ከንፈር ያለው መንገድም አጭር ነው። ልጁ ፓኮ አይገዛም፤ ፓኮ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። የሚገዛው በፍሬ ነው። አንድ ፍሬ ከኪዮስክ ወይም ከሱቅ በደረቴ፣ ከማስቲካና ከሶፍት ጋር። በፍሬ ሲገዛ ያ ሁሉ የተደከመበት 70 በመቶ የሥዕል ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም፤ የታመመው ሳንባ ያለው ፓኮው ላይ ነው፤ ፓኮው ደግሞ ሻጩ ጋ ይቀራል። ዕድሜውን የሚጠይቀውም የለም። ስለዚህ ስለ ሲጋራ ከሕግ የመጣው መልእክት ልጁን ሳያገኘው ከፊልም የመጣው መልእክት ብቻ ያገኘዋል።

የሚደርሰውን ጉዳት ለእናንተ መዘርዘር አይገባኝም። ትምባሆ በየዓመቱ በዓለም ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንደሚገድል፣ ለሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የመጋለጥን ዕድል በእጥፍ ያህል እንደሚጨምር ታውቃላችሁ። ስለ እኛ ሥፍራ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ደማችን የሚሸከመው ኦክስጅን ሁሉ ያስፈልገናል። የሲጋራ ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። የጎረቤታችን የአርሲዋ በቆጂ በዚህ ደጋ አየር የዓለም ሻምፒዮኖችን አሳድጋለች። የእኛም ልጆች ጠዋት በጎባ መንገድ ይሮጣሉ። የደጋ ልጅ ትልቁ ሀብቱ ሳንባው ነው። ደግሞም ሱስ የሚጀምረው በልጅነት ነው፤ በአሜሪካ በየቀኑ ከሚያጨሱ አዋቂዎች ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት የመጀመሪያ ሲጋራቸውን የሞከሩት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ወይም እንደሞላቸው ነው። ያንን ዕድሜ ሳይጀምር ያለፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን አይጀምርም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። አገራችን ያጸደቀችው የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት አንቀጽ 13 ስለ ማስታወቂያ ይናገራል፤ አባል አገሮች በኅዳር 2001 ዓ.ም. በደርባን ባጸደቁት የአፈጻጸም መመሪያ ደግሞ በመዝናኛ ሚዲያ ውስጥ ስለሚታይ ትምባሆ ምን መደረግ እንዳለበት ተዘርዝሯል። ሌሎች አገሮችም ሠርተውበታል። በቱርክ ቴሌቪዥን ሲጋራ ማሳየት ስለተከለከለ በተዋናዩ እጅ ያለው ሲጋራ ተደብዝዞ ይቀርባል። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ካመጣልን ወዲህ ከድራማው ጋር ፍቅር የያዘው ተመልካች ብዙ ነው፤ ከጥንቃቄውም ብንማር ምን ይጎድለናል? ህንድ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2012 ጀምሮ ትምባሆ የሚታይበት ፊልም ሁሉ በመጀመሪያና በመሐል ቢያንስ የ30 ሰከንድ የጤና መልእክት እንዲያሳይ፣ ሲጋራው በሚታይበት ቅጽበትም ከሥር የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ እንዲኖር አዛለች። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ግዴታውን በኢንተርኔት ለሚተላለፉ ፊልሞች አስፋፍታለች። በዓለም ብዙ ፊልም ከሚሠሩ አገሮች አንዷ ይህን አድርጋ የፊልም ኢንዱስትሪዋ አልሞተም።

የሚነሱ ተቃውሞዎችን አውቃለሁ፤ በአክብሮት ልመልስ።

“ጥበብ ሕይወትን ታሳያለች፤ አጫሽ ካለ አጫሽ ይታያል” ይባላል። እስማማለሁ። እኔ ታሪክ ይቆረጥ፣ ገጸ ባሕርይ ይሰረዝ አላልኩም። ነገር ግን ሕይወትን የሚያሳይ ሥራ ከመቶ ሰው አምስቱ ብቻ ትምባሆ በሚጠቀምበት አገር ዋና ዋናዎቹን ሰዎች ሁሉ አያስጨስም፤ ካስጨሰም ሳሉን ደብቆ ጭሱን ብቻ አያሳይም። ሕይወትን እናሳይ ከተባለ ሙሉውን እናሳይ።

“ዘመኑ የስልክ ነው፤ ቲክቶክን ማን ይቆጣጠራል?” ይባላል። እውነት ነው፤ ሁሉን መቆጣጠር አይቻልም። ነገር ግን ልጆቻችን በስልክ የሚያዩት ክሊፕ ብዙው የእኛው ዘፋኞች የሠሩት፣ በእኛው ጣቢያዎች የሚተላለፍ ነው። በአገር ቤት ጣቢያ የማይተላለፍ ክሊፕ መሥራት የሚፈልግ ዘፋኝ ጥቂት ነው። በሩ ላይ የተቀመጠ ደንብ ወደ ውስጥም ይገባል።

“ከሲጋራ የባሰ ስንት ችግር እያለ” የሚሉም አሉ። ጫት አለ፤ ሥራ አጥነት አለ፤ የመጽሐፍ እጥረት አለ። ግን እነዚህን ለማቃለል ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። እኔ የምጠይቀው መመሪያ ነው። የሚያስፈልገው ፈቃደኝነትና ክትትል ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንድታደርጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

1ኛ፦ በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በተሰጣችሁ ሥልጣን፣ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋር በመሆን፣ በፊልም፣ በድራማና በክሊፕ ስለሚታይ ትምባሆ ራሱን የቻለ መመሪያ አውጡ። በማናቸውም ሥርጭት የሲጋራ ስምና ፓኮ ፈጽሞ እንዳይታይ ይደንግግ።

2ኛ፦ አዘጋጆች ትምባሆ የሚታይበትን ሥራ ለሥርጭት ሲያቀርቡ ከትምባሆ አምራች ወይም ነጋዴ ገንዘብም ሆነ ሌላ ጥቅም አለመቀበላቸውን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ይደረግ።

3ኛ፦ ትምባሆ የሚታይበት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጤና መልእክት፣ በሚታይበት ጊዜም የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይኑረው። መልእክቱ ሥራው በሚተላለፍበት ቋንቋ ይሁን፤ በአፋን ኦሮሞ የሚተላለፍ ክሊፕ ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ብቻ ከሆነ ብዙ የባሌ ልጆች አያነቡትም።

4ኛ፦ ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በሙዚቃ ክሊፕና በመዝናኛ ፕሮግራም ጨርሶ አይታዩ። ሽያጩ በሕግ የታገደ ዕቃ በቴሌቪዥን ማጌጫ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

5ኛ፦ ማጨስ የሚደጋገምባቸው ፊልሞችና ድራማዎች ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው ቴሌቪዥን በሚያዩበት ሰዓት አይተላለፉ።

6ኛ፦ ባለሥልጣኑ በሚያደርገው የሥርጭት ክትትል ውስጥ ይህ ጉዳይ ይካተት፤ የትኛው ጣቢያ ምን ያህል እንዳከበረ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር። ደንብ አክባሪው ጣቢያ ይመስገን፤ ያላከበረውም ይታወቅ።

7ኛ፦ ከትምህርት ሚኒስቴርና ከክልል ትምህርት ቢሮዎች ጋር በመተባበር ለትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበቦች የሚሆኑ አጫጭር ዝግጅቶች ይሰራጩ። ልጆች ፊልም እንዴት እንደሚሠራ፣ ሲጋራው ለምን እዚያ እንደተቀመጠ፣ ማን እንደሚያተርፍበት ቢማሩ ራሳቸው ይፈርዳሉ። የ14 ዓመት ልጅ እየተታለለ መሆኑን ሲያውቅ የሚቆጣውን ያህል ማንም አይቆጣም።

ለፊልም ሠሪዎችና ለዘፋኞቻችንም ቃል አለኝ። ልጆቻችን ይወዷችኋል። ፀጉራቸውን እንደ እናንተ ይቆረጣሉ፤ አነጋገራችሁን ይቀዳሉ፤ ዘፈናችሁን በቃላቸው ይይዛሉ። ሐዘንን ያለ ሲጋራ ማሳየት የማይችል ተዋናይ የለም፤ ሞክሩት። ለሮቤና ለጎባ የከተማ አስተዳደሮችም እንዲሁ፦ በትምህርት ቤት አጥር ዙሪያ በፍሬ የሚሸጠውን ሲጋራ አስቁሙ። ሱቅ በደረቴ የሚሸጡት ራሳቸው ልጆች ናቸውና በቅጣት አትጀምሩ፤ የሚያተርፉበትን ሌላ ዕቃ አሳይዋቸው። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ የሚያዩትን ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ እዩ፤ ሲጋራው ሲለኮስም ዝም አትበሉ፤ የምታውቁትን ተናገሩ።

እኛ መምህራንም እጃችንን አጣጥፈን መልስ አንጠብቅም። በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ስለዚህ ጉዳይ መናገር ጀምረናል፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው በፊልም ያዩትን ማጨስ እየመዘገቡ ይወያዩበታል። መዝገባቸውን ብትፈልጉት እንልክላችኋለን። የምንጠይቃችሁ መልሳችሁን እንደ ደብዳቤዬ በአደባባይ እንድትሰጡን ነው፦ መመሪያው ይወጣል ወይስ አይወጣም? ከወጣ መቼ? ካልወጣ ለምን? ከልጆቹ መካከል ዘንድሮ 13 ዓመት የሞላቸው አሉ፤ የምትወስኑት እነሱ 15 ሳይሞላቸው ከሆነ ይጠቅማቸዋል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ የባሌ ሮቤ መምህር

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
ለኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ
ለሮቤና ለጎባ ከተማ አስተዳደሮች